የለጋሽ ዘር ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? (ከደብረ ብርሃን)

የጠባሴዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፣ ጠባሴ አካባቢ። ከተጋባን ዓመታት አልፈዋል፣ ልጅ ግን አልመጣም። እኔ የሚባለውን ምርመራ ሁሉ ጨርሻለሁ። የማህፀን ቱቦዬ ክፍት ነው፣ እንቁላልም በየወሩ ይወጣል ተብያለሁ። በመጨረሻ ባለቤቴ ተመረመረ። በፈሳሹ ውስጥ አንድም ስፐርም አልታየም። ሐኪሙ አዞስፐርሚያ ይባላል አለን።

ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው። ይህን ቀድሜ የምናገረው አስተያየት ስትሰጡ እንድታስቡበት ነው። ውጤቱን የሰማን ቀን «ሌላ አግብተሽ ውለጂ፣ እኔ አልቀየምሽም» አለኝ። እኔ ሌላ ባል አልፈልግም። ልጅ የምፈልገው ከእሱ ጋር ለማሳደግ ነው።

እህቴ አሜሪካ ነች። እዚያ ከዘር ባንክ የለጋሽ ስፐርም ገዝተው የሚወልዱ ባልና ሚስቶች እንዳሉ ነገረችኝ። ለባለቤቴ ስነግረው ዝም አለ። ቆይቶ ግን ራሱ «እስቲ ስንት እንደሆነ ጠይቂ» አለኝ።

ስለዚህ እየጠየቅኩ ነው። ስንት ነው? የስፐርሙን ዋጋ ብቻ አይደለም የምላችሁ። መንገዱን፣ ምርመራውን፣ ማደሪያውን፣ ሁሉንም። እሱ ደሞዝተኛ ነው፣ እኔ ጋቢና ባና እሸጣለሁ። እህቴ ታግዛለች፣ ግን እሷም ሁለት ሥራ ነው የምትሠራው። እባካችሁ ስድብ አይኑር።

የላብራቶሪ ሰው፦

እህቴ፣ ማንም አይሰድብሽም። እኔ በሙያዬ የላብራቶሪ ሠራተኛ ነኝ፣ በሰሜን ሸዋ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ወደ ዶላሩ ከመሄዳችን በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። የባለቤትሽ ምርመራ ተደግሟል ወይ?

አንድ የዜሮ ውጤት ብቻውን የመጨረሻ ቃል አይደለም። ናሙናው የሚሰጠው ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ ነው። በ1 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። ከቤት የሚመጣ ከሆነ ደግሞ በእኛ አገር ብርድ በኪስ ውስጥ ሙቀቱን ይዞ መምጣት አለበት። በማይክሮስኮፕ ምንም ካልታየ ፈሳሹ በሴንትሪፊዩጅ ተሽከርክሮ ከሥር የሚቀረው ዝቃጭ እንደገና ይታያል። አንዳንድ ጊዜ ዜሮ የተባለው ሰው እዚያ ላይ ጥቂት ስፐርም ይገኝበታል። ይህ ተደርጎ እንደሆነ ጠይቂ። ስፐርም ከጅምሩ እስኪበስል 70 ቀን ያህል ይፈጃል። ሰውየው በቅርቡ በከባድ ትኩሳት ታሞ ከነበረ፣ ሰውነት ለማፈርጠም ብሎ የቴስቶስቴሮን መርፌ ወስዶ ከነበረ፣ ውጤቱ ይበላሻል። ስለዚህ ወደ 3 ወር ተጠብቆ መደገም ነው።

ከተደገመም በኋላ ዜሮ ከሆነ ገና ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ የዘር ፍሬው በደንብ እየሠራ መውጫው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ያልታከመ ጨብጥና ሌሎች ኢንፌክሽኖች ይህን ያደርጋሉ። እንደዚህ ከሆነ ሐኪም ከዘር ፍሬው በመርፌ አውጥቶ ከአንቺ እንቁላል ጋር በላብራቶሪ ማዋሃድ ይችላል። ልጁ የባለቤትሽ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው፣ የዘር ፍሬው ራሱ ማምረት ያቆመ እንደሆነ ነው። ከጉርምስና በኋላ የተያዘ ጆሮ ደግፍ፣ በልጅነት ያልወረደ የዘር ፍሬ፣ ወይም ከተፈጥሮ የመጣ የክሮሞሶም ችግር ሊሆን ይችላል። እዚህም ላይ በረቀቀ ቀዶ ሕክምና ሲፈለግ ወደ ግማሽ በሚጠጉት ሰዎች ላይ ትንሽ ትንሽ ይገኛል።

ሁለቱን የሚለየው ምርመራ ውድ አይደለም። ኤፍ ኤስ ኤች የሚባል የሆርሞን የደም ምርመራ፣ ቴስቶስቴሮን፣ አልትራሳውንድ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሐኪም እጅ መዳሰስ። አንድ ብልቃጥ የለጋሽ ስፐርም አሜሪካ ከሚሸጥበት ጋር ሲተያይ ይህ ኢምንት ነው። እባካችሁ ይህን ሳትጨርሱ ሌላ ወጪ አታስቡ።

የጠባሴዋ፦

እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተመረመረው። ስለ ሴንትሪፊዩጅ የነገረን የለም። አንድ የግል ክሊኒክ ግን ዘር ይጨምራል ብሎ ቫይታሚን ሲሸጥልን ከርሟል። የእሱ ዋጋ ብቻ ተደምሮ ትልቅ ገንዘብ ነው። ጆሮ ደግፍ ያልከው አስደነገጠኝ። እናቱ ጎረምሳ ሳለ ክፉኛ ታሞ እንደነበር ትናገራለች።

የላብራቶሪ ሰው፦

ጆሮ ደግፍ የያዘው ሁሉ መካን አይሆንም፣ አትደንግጪ። ለሐኪሙ ግን ንገሩት። የቫይታሚኑን ነገር ተዪው። ምንም ስፐርም ለሌለው ሰው ምክንያቱ ሳይታወቅ እንክብል መስጠት ጊዜና ገንዘብ መብላት ነው። ይህን ስሰማ ያናድደኛል። የሰሜን ሸዋ ሰው በግ ሸጦ፣ እህል ሸጦ ነው የሚታከመው።

መንዝ በሜሪላንድ፦

እህት ዓለም፣ ጽሑፍሽን ሳነብ አለቀስኩ። እኔ የመሐል ሜዳ ልጅ ነኝ፣ ባለቤቴ የደብረ ሲና። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የእሱም ችግር አንድ ነው። ያ የላብራቶሪ ወንድም ያለው ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ አልተገኘም። በለጋሽ ነው የወለድነው። ስለዚህ የማውቀውን በዝርዝር ልጻፍልሽ።

አንድ ብልቃጥ የለጋሽ ስፐርም አሜሪካ አሁን ከ1000 እስከ 2000 ዶላር ነው። አንድ ብልቃጥ ለአንድ ወር ሙከራ ነው። ይህን አስምሪበት፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ አንዴ ተገዝቶ የሚያልቅ ይመስለዋል። ባንኩ የሚልከው በፈሳሽ ናይትሮጅን በተሞላ ገንዳ ነው፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ። ለማጓጓዣው ለብቻው ይከፈላል፣ ብዙ መቶ ዶላር ነው። ከዚያ የክሊኒኩ አለ። እንቁላሉን የሚከታተሉበት አልትራሳውንድ፣ የደም ምርመራ፣ አንዳንዴ እንቁላል የሚያበስል መድኃኒት፣ ስፐርሙን ወደ ማህፀን የሚያስገቡበት ሥራ። ብዙ ክሊኒኮች በለጋሽ ከመጀመራችሁ በፊት ባልና ሚስቱ አማካሪ ጋር እንዲቀመጡ ያስገድዳሉ። ለእሱም ይከፈላል። የኢንሹራንስሽ ዓይነት ካልሸፈነው ሁሉም ከኪስ ነው።

ስፐርሙን ለምን ይህን ያህል ያስወድዱታል ያልሽ እንደሆነ፣ ምክንያት አለው። ለጋሹ ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ቫይረሶች፣ ለቂጥኝ፣ ለጨብጥና ለክላሚዲያ ይመረመራል። ማንነቱ የማይታወቅ ለጋሽ ከሆነ የአሜሪካ ሕግ ስፐርሙ ቢያንስ 6 ወር በረዶ ውስጥ እንዲቆይ ያዛል። ከ6 ወር በኋላ ሰውየው እንደገና ይመረመራል። ንጹሕ ከሆነ ብቻ ይሸጣል። የምትከፍዪው ለዚያ ጥበቃ ነው።

ሌላው የሚያስወጣሽ፣ በአንዴ አለመያዙ ነው። እድሜሽ ከ35 በታች ቢሆንና ሁሉ ነገርሽ ደህና ቢሆን እንኳ በአንድ ወር ሙከራ የመያዝ ዕድሉ ከ100 ከ10 እስከ 20 ነው። ጤነኛ ባልና ሚስትም ቢሆኑ በየወሩ አይወልዱምና ይህ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። ለበጀት ግን ከባድ ነው። ለምሳሌ ብልቃጡ 1500፣ ማጓጓዣው 300፣ ክሊኒኩ 700 ቢሆን በወር 2500 ዶላር ነው። ስድስት ወር ብትሞክሪ 15 ሺህ። በአንድ ወር ሂሳብ ተነስተሽ ከእህትሽ ጋር አትነጋገሪ። ለብዙ ወር ሂሳብ ካልተዘጋጃችሁ መሐል ላይ ገንዘቡ ያልቃል። መሐል ላይ ማቆም ከሁሉም ይከፋል።

አይ ቪ ኤፍ፣ ማለትም እንቁላልና ስፐርም በላብራቶሪ ተዋህዶ ወደ ማህፀን የሚመለስበት ከተባለ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። መድኃኒቱን ሳይጨምር ለአንድ ዙር ከ12 ሺህ ዶላር በላይ ነው።

አሁን ደግሞ ማንም ያልነገረኝን ልንገርሽ። ዝርዝሩን ስትከፍቺ የእኛን መልክ የያዘ ለጋሽ ማግኘት መከራ ነው። በትልልቆቹ ባንኮች ውስጥ ጥቁር ለጋሾች ከ100 ሁለት እንኳ እንደማይሞሉ ዋሽንግተን ፖስት በ2022 እ.ኤ.አ. ጽፎ ነበር። ያሉትም ወዲያው ያልቃሉ። አንዱን መርጠሽ ስታስቢበት ታድሪያለሽ፣ ጠዋት ስትመለሺ የለም። ሐበሻ ደግሞ ከዚያ ከጥቂቱ ውስጥ ምን ያህል ይገኛል? እኔ ከፎቶ ይልቅ የጤና ታሪኩን ነበር የማነበው። ባለቤቴ ግን ግንባሩን ነበር የሚያየው። «ደብረ ሲና ይዘናት ስንሄድ ሰው እንዳያያት አይደለም፣ እኔ ስጠራት እንድትመስለኝ ነው» ይል ነበር። ይህን የሚያስብ ወንድ ነበረኝ፣ ስለዚህ ጊዜ ወሰድን። ጊዜውም ገንዘብ ነው፣ ሲጠበቅ እድሜ ይሄዳል።

ሁለተኛ ልጅ ከዚያው ለጋሽ የምትፈልጉ ከሆነም አስቀድሞ ገዝቶ ማስቀመጥ ነው። የማስቀመጫ ኪራይ በየዓመቱ ይከፈላል።

ነጋዴው፦

የብሩን ነገር ልጨምር። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዓመቱ ከ130 ብር አለፈ። በድሮው ሂሳብ የ1500 ዶላር ብልቃጥ 85 ሺህ 500 ብር ነበር። በ130 ስታሰላው 195 ሺህ ብር ነው። እህትሽ በዶላር የምታስበውና እናንተ በብር የምታጠራቅሙት እኩል አይሄድም። የሚቆጠብ ብር ካላችሁ ዛሬ በዛሬ የምትከፍሉበት አገር ውስጥ ያለ ምርመራ ላይ አውሉት።

የጅሩ ገበሬ፦

ልጄ፣ እኔ በዕድሜ የገፋሁ ሰው ነኝ። የምናገረው ለክፉ አይደለም። አባቶቻችን ዘር ከልጓም ይስባል ብለዋል። ያላየሽውን ሰው፣ አገሩን የማታውቂውን ሰው ዘር በዚህ ሁሉ ገንዘብ መግዛት አይከብድም? ያን ያህል ከሆነ ባልሽ ወንድም የለውም? የቤቱ ዘር ይቀራል፣ ገንዘቡም ይቀራል። ሰንጋ ሸጣችሁ፣ መሬት አከራይታችሁ ለማታውቁት ሰው ከመስጠት እኔ ይሄ ይሻላል እላለሁ።

የላብራቶሪ ሰው፦

ጋሼ፣ አስተሳሰብዎን አከብራለሁ። የወንድምን ዘር መጠቀም በሌሎች አገሮችም በክሊኒክ ይደረጋል። እንዲሁ በቤት ግን መሆን የለበትም። ወንድም ስለሆነ ኤች አይ ቪ የለበትም፣ የጉበት ቫይረስ የለበትም ማለት አይደለም። ተመርምሮ ነጻ የተባለም ሰው በቅርብ ተይዞ ከሆነ በምርመራው ላይታይ ይችላል። ለዚያ ነው ባንኮቹ 6 ወር የሚያቆዩት። በቤት ውስጥ ያለ ምርመራ የተደረገ ነገር እናትየውንም ልጁንም ለዕድሜ ልክ በሽታ ሊዳርግ ይችላል። ከብልቃጡ ይረክሳል የተባለው ከሁሉም ውድ ሆኖ ቁጭ ይላል።

አንድ ባል፦

እኔም ከደብረ ብርሃን ነኝ፣ ሰፈሬን አልናገርም። የዚህች እህት ባል የደረሰበት ደርሶብኛል። ስለዚህ ለጋሼ በትሕትና አንድ ነገር ልናገር።

ወንድሜን ውለድልኝ ብዬ ልለምነው አልችልም። ነገ ልጁ ሲያጠፋ ወንድሜ ሲቆጣው ባይ ምን ይሰማኛል? በሰርግ፣ በለቅሶ፣ በየበዓሉ አንድ ማዕድ ላይ ነን። ለጋሹ የማላውቀው ሰው ቢሆን ይቀለኛል። ሰውየው ከቤቴ ውጪ ነው፣ ልጁ ከቤቴ ውስጥ ነው። ሁሉም ወንድ እንደ እኔ ያስባል አልልም። ግን ባልየውን ሳይጠይቁ ወንድሙን መጥቀስ ከባድ ነገር ነው።

ለእህቴ ደግሞ። ባልሽ «ጠይቂ» ያለሽ ቀን ትልቅ ነገር ነው ያደረገው። ግን መጠየቅና መወሰን ይለያያሉ። እኔ ውጤቴን ከሰማሁ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሰው ፊት መቆም አስጠልቶኝ ነበር። ዕቁብ ላይ፣ ማኅበር ላይ «ልጅ እንዴት ነው» ሲሉኝ መሬት ይከዳኝ ነበር። በዚያ ሰዓት ስለ ዶላር ቢያወሩኝ እሺ እል ነበር፣ እሷን ላለማጣት ብዬ። እሺታዬ ግን ከልቤ አይሆንም ነበር። ስለዚህ ባልሽ በፍርሃት ነው ወይስ በፍላጎት ነው እሺ ያለው? ይህን ሳታውቂ አንድ ብር አትክፈዪ። ለእሱ ጊዜ መስጠት ነጻ ነው።

ሰላ ድንጋይ፦

እህቴ፣ እኔ ከጻድቃኔ ማርያም አጠገብ ነው ያደግኩት። ልጅ አጥተው መጥተው ተጠምቀው የሄዱ፣ በዓመቱ ስዕለታቸውን ይዘው የተመለሱ ብዙ ሴቶች አውቃለሁ። አንቺም ሂጂ። ግን እሱንም ይዘሽ ሂጂ። ጸበል ቦታ ሁልጊዜ የማየው ሴቷ ብቻዋን ናት። ሕክምናውንም አትተዉ። የለጋሹን ነገር ደግሞ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ሁለታችሁም ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። ከወለዳችሁ በኋላ ሕሊና የሚያስጨንቅ ነገር ይዞ መኖር ከባድ ነው። ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

የጠባሴዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የአንድ ባልን መልስ ለባለቤቴ አነበብኩለት። ደግመሽ አንብቢልኝ አለኝ። ከዚያ ተነስቶ ወጣ። ሲመለስ «ይሄ ሰውዬ ማነው፣ ላገኘው እችላለሁ?» አለኝ።

መንዝ በሜሪላንድ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። እኔ መጥቼ እዚያ ብሠራው ይሻላል ወይስ ብልቃጡ ወደዚህ ይመጣል?

አንድ ባል፦

በውስጥ መልእክት ጻፊልኝ፣ ስልኬን እሰጥሻለሁ። ቡና እንጠጣለን በይው።

መንዝ በሜሪላንድ፦

ብልቃጥ በሻንጣ የሚመጣ ነገር አይደለም። በዚያ ቅዝቃዜ መቆየት አለበት፣ የሚቀበለውም የሚያስቀምጥበት ዕቃ ያለው፣ ፈቃድ ያለው ክሊኒክ ነው። ሰው አመጣልሻለሁ ቢልሽ እንዳትሰሚው።

መምጣቱ ደግሞ እንዲህ ነው። የጎብኚ ቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር ነው። ቢከለክሉሽ ገንዘቡ አይመለስም። ለሁለት ከሆነ እጥፍ። ለሕክምና እንደምትመጪ እውነቱን ነው የምትናገሪው፣ ለሕክምናውም ገንዘብ እንዳለሽ ማሳየት አለብሽ። ከዚያ የአውሮፕላን ቲኬት። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሰዓቱ ነው። ቀልጦ የወጣ ስፐርም ብዙ አይቆይም፣ አንድ ቀን ቢሆን ነው። እንቁላልሽ የሚወጣበትን ሰዓት መጠበቅ አለበት። እንቁላሉን የሚያስወጣው ሆርሞን መጨመር ከጀመረ ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው እንቁላሉ የሚወጣው። ስለዚህ በወሩ አጋማሽ ክሊኒኩ አጠገብ መሆን ግዴታ ነው። አንድ ወር መጥተሽ ባይይዝ ምን ታደርጊያለሽ? መመለስ? መቆየት? እህትሽ ቤት ብታድሪም ሥራሽ ቆሟል። የቆመው ገበያሽም ወጪ ነው፣ ጻፊው።

የሮቢቷ፦

ይሄ የሰዓቱ ነገር አገር ቤትም አለ። እኔ ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ ነበር የምታከመው፣ ለሌላ የመውለድ ችግር። ሐኪሙ በዚህ ቀን ነይ ይልሻል። በዚያው ቀን መንገድ ይዘጋል። ያ ወር አለፈ ማለት ነው። የተወጋሽው መድኃኒት ከነገንዘቡ ጠፋ ማለት ነው። በኋላ ላይ ቀኑ ሲቃረብ አስቀድሜ ገብቼ ዘመድ ቤት መቆየት ጀመርኩ። ላምበረት መናኸሪያ አካባቢ ዘመድ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ስለሆነ እናንተ ትሻላላችሁ፣ ከመንዝና ከመርሐ ቤቴ የሚመጡትን ግን አስቡ።

ከለንደን፦

ከአሜሪካ ውጪ ለምታስቡ ትንሽ ልጨምር። አገሩ ሲለያይ ሕጉ ይለያያል፣ ሕጉ ደግሞ ወጪውን ይወስናል። እንግሊዝ ውስጥ ከሚያዝያ 2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚለግስ ሰው ማንነቱ ተሰውሮ አይቀርም። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ማንነቱን መጠየቅ ይችላል። በአንድ ለጋሽ መውለድ የሚችሉት እስከ 10 ቤተሰብ ብቻ ናቸው። ቱርክ ለሕክምና የሚሄድ ሐበሻ ብዙ ነው፣ ግን ቱርክ የሌላ ሰው ስፐርም መጠቀምን ትከለክላለች። ይህን ሳያውቁ ሄደው ቲኬት የሚከስሩ አሉ። ህንድ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ስፐርሙ ከተመዘገበ ባንክ ብቻ መምጣት አለበት፣ የአንድ ለጋሽም ከአንድ ባልና ሚስት በላይ አይሰጥም። ደላላ «እኔ አገናኛችኋለሁ» ካላችሁ ክሊኒኩን ራሱን በጽሑፍ ጠይቁ።

የሕግ ሰው፦

ስለ ልጁ አባትነት። በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በጋብቻ ውስጥ የተጸነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባት ባልየው ነው። የአማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፣ እናንተን የሚመለከተው እሱ ነው። ጋብቻችሁ በክብር መዝገብ ካልተመዘገበ አሁኑኑ አስመዝግቡ። ወጪው ትንሽ ነው፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። በባህል ተጋብተው ወረቀት የሌላቸው ሰዎች ሕክምና ማዕከል ሲጠየቁ ይቸገራሉ።

ሌላው፣ በ2017 የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ወጥቷል፣ ቁጥሩ 1362። በሕክምና ታግዞ መውለድንም ይመለከታል። አገር ውስጥ ማንኛውም ተቋም በለጋሽ ዘር እሠራላችኋለሁ ካላችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በየትኛው አንቀጽ እንደሚፈቀድ አሳዩኝ በሉት። ማሳየት ካልቻለ ውጡ። የባልሽ ስፐርም ተገኝቶ በራሳችሁ ዘር ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። የመንግሥት ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

የጅሩ ገበሬ፦

ወንድሜ አንድ ባል፣ ያልከው ገብቶኛል። ስለ ወንድም ያልኩትን አልመልሰውም፣ ግን ባልየው የሚወስነው ነው፣ ልክ ነህ። እኔን የሚያሳስበኝ ልጁ ነው። ትልቅ ሲሆን ያውቃል ወይ? ከሰው አፍ ከሰማ ቤቱ ይፈርሳል።

መንዝ በሜሪላንድ፦

ጋሼ፣ የጠየቁት ትልቁ ጥያቄ ነው። የእኛ ልጅ ታውቃለች። ከትንሽነቷ ጀምሮ በሚገባት ቃል ነግረናታል። «አንቺን ለማግኘት ደግ ሰው ረድቶናል» ብለን ነው የጀመርነው። ዛሬ በምራቅ የሚሠራ የዲ ኤን ኤ ምርመራ በፖስታ ይላካል፣ ማንም ልጅ አንድ ቀን ያደርገዋል። ተደብቆ የሚቀር ነገር የለም። ደብረ ሲና ላሉት ዘመዶች ግን አልነገርንም። ያ የእሷ ታሪክ ነው፣ መናገር ስትፈልግ እሷ ትናገራለች። የባለቤቴ እናት ስታያት «ቁርጥ አባቷን» ትላለች። ባለቤቴ ዝም ብሎ ይሰማል፣ ደስ ይለዋል።

እህቴ፣ ይህንንም ከበጀቱ ጋር ተነጋገሩበት። ለማን ትናገራላችሁ፣ ለማን አትናገሩም? ለእህትሽ ነግረሻታል፣ እሷ ለማን ትናገራለች? ገንዘብ የሰጠ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከብዙ ዘመድ ማዋጣት ማለት ለብዙ ዘመድ መንገር ማለት ነው። እኛ ለዚያ ብለን ከማንም ሳንለምን ቀስ ብለን ነው ያጠራቀምነው።

የሮቢቷ፦

የሁሉም ምርጫ ባይሆንም የማሳደግ መንገድም አለ ልበል። እኔ የወንድሜን ልጅ ነው የማሳድገው። እኛ አገር የጡት ልጅ ድሮም ነበር። ዛሬም በፍርድ ቤት በጉዲፈቻ ይጸድቃል። አስገድጄ አይደለም። መውለድ የፈለገች ሴት ስሜቷን አውቀዋለሁ፣ ማርገዝ ራሱ ይናፍቃል። ግን ገንዘቡ ሲያልቅ በሩ ሁሉ ተዘጋ ብለሽ እንዳታስቢ ብዬ ነው።

የጠባሴዋ፦

ሁሉንም ጻፍኩ። ከባለቤቴ ጋር ትናንት ማታ ቁጭ ብለን ወረቀት ላይ በሦስት ከፈልነው።

መጀመሪያ የእሱ ምርመራ ይደገማል። ሆርሞኑ፣ አልትራሳውንዱ፣ ሁሉም። ለዚህ ያጠራቀምነው ይበቃል፣ የእህቴን ገንዘብ አንነካም። ጎን ለጎን ጋብቻችንን ክብር መዝገብ እናስመዘግባለን፣ የሕግ ሰው እንዳለው። ስፐርም ከተገኘ ወደ ጳውሎስ ነው። ካልተገኘ ስለ ለጋሹ ከንስሐ አባታችን ጋር እንነጋገራለን፣ ከዚያ ለእህቴ የብዙ ወር ሂሳቡን በግልጽ እነግራታለሁ። የብልቃጡን ዋጋ ብቻ ነግሬ አላታልላትም። ካልቻለች እሱንም እናውቃለን።

የወንድሙን ነገር ባለቤቴ አልፈለገም። በዚህ ላይ ከእንግዲህ እንዳትጽፉልኝ።

የላብራቶሪ ሰው፣ ምርመራውን የት እናድርገው? ደብረ ብርሃን ይቻላል ወይስ አዲስ አበባ እንሂድ?

የላብራቶሪ ሰው፦

የስፐርም ቆጠራውን እዚሁ ማስደገም ትችላላችሁ። ሲሰጥ ብቻ «ከሴንትሪፊዩጅ በኋላ ይታይልኝ፣ ውጤቱ ላይም ይጻፍልኝ» ይበል። የፈሳሹ መጠንም ይጻፍ። መጠኑ በጣም ትንሽ ከሆነ መውጫው መዘጋቱን ሊያመለክት ስለሚችል ለሐኪሙ ትልቅ ፍንጭ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዝቅተኛ ብሎ የያዘው 1.4 ሚሊ ሊትር ነው። ሆርሞኑን ጠዋት ይስጥ፣ ቴስቶስቴሮን ጠዋት ነው ከፍ የሚለው። ወረቀቱን ሁሉ በአንድ ማኅደር ያዙ። የድሮውንም አትጣሉ። አዲስ አበባ ስትሄዱ ያለ ወረቀት ከሄዳችሁ ሁሉንም እንደ አዲስ ያስከፍሏችኋል።

ውጤቱ ሲወጣ ቁጥሮቹን ብቻ እዚህ ጻፊልኝ፣ ስም ሳይኖረው። ለሐኪሙ የምትጠይቁትን ጥያቄ አብረን እናዘጋጃለን።

መንዝ በሜሪላንድ፦

እኔም እጠብቃለሁ። የለጋሹ ደረጃ ላይ ከደረሳችሁ ከእህትሽ ጋር በስልክ አገናኚኝ። የትኛው ባንክ ማጓጓዣውን እንዴት እንደሚያስከፍል፣ ኢንሹራንሷ ምን እንደሚል፣ ሁሉንም አብሬያት እደውላለሁ።

የጠባሴዋ፦

እሺ። ሰኞ ጠዋት ሊሰጥ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ቀኑን እየቆጠርን ነው።

አንድ ባል፦

ሰኞ ከእሱ ጋር እሄዳለሁ። ተነጋግረናል።